የዳንዬል ዱፕዊ የነሐስ ሜዳልያ፦ ጠርዙ ምን ይላል? አረንጓዴውስ ምንድን ነው?

ሰብሳቢ_ፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁም። «ዳንዬል ዱፕዊ» የሚል ፊርማ ስላለበት አንድ የፈረንሳይ መታሰቢያ ሜዳልያ ምክር ፈልጌ ነው። የተጻፈበት ዓመት በ1890ዎቹ ውስጥ ነው (እ.ኤ.አ.)። ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 146 ግራም፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቡናማ። ጠርዙ ላይ የቀንድ ምልክትና «ብሮንዝ» የሚል በላቲን ፊደል የተመታ ቃል አለ። የሴትየዋ ፀጉር ሥርና የፊደሎቹ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ጥያቄዬ ሦስት ነው፦ በዘመኑ የተመታ ነው ወይስ በኋላ? ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል? ላጽዳውስ?

ጠርዝ_አንባቢ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም የማይመለስ ጉዳት የሚደርሰው እሱ ላይ ነው። በብራሶ (የብረት መወልወያ)፣ በሎሚና ጨው፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም አይሹት። ቡናማው ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ሜዳልያው ተመትቶ ካለቀ በኋላ በኬሚካል ሆን ተብሎ የተሰጠው ፓቲና (ስስ የቀለም ሽፋን) ነው፣ የሥራው አካል ነው።

አሁን ወደ ጠርዙ። ሜዳልያውን ሁልጊዜ ጠርዙን ይዘው ያንሡት እንጂ ፊቱን በጣት አይንኩ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ዙሪያውን ይመልከቱ። የፓሪስ የገንዘብ ማምረቻ ቤት የመታቸው ሜዳልያዎች ጠርዝ ላይ በየዘመኑ የተለያየ ምልክት አለ። ከ1832 እስከ 1841 የጥንት ኩራዝ፣ ከ1841 እስከ 1842 መልህቅ፣ ከ1842 እስከ 1845 የመርከብ አፍንጫ፣ ከ1845 እስከ 1860 ጣቷን የቀሰረች እጅ፣ ከ1860 እስከ 1879 ንብ፣ ከ1880 ጀምሮ ደግሞ የበረከት ቀንድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ከምልክቱ ቀጥሎ የብረቱ ዓይነት ይመታል፦ መዳብ፣ ነሐስ፣ ብር ወይም ወርቅ።

ምልክቱ የሚነግርዎት ያ ቁራጭ የተመታበትን ዘመን ነው፤ ፊቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን የሥራውን ወይም የበዓሉን ዘመን ነው። ሁለቱ የግድ አይገጥሙም። ፊቱ ላይ 1867 ተጽፎ ጠርዙ ላይ ቀንድ ካለ፣ ከ1880 በኋላ በድሮው መምቻ ብረት (ቅርጹ ተገልብጦ የተቀረጸበት ማተሚያ) እንደገና የተመታ ነው። ማምረቻ ቤቱ የድሮ መምቻ ብረቶችን አስቀምጦ ለሽያጭ እየደጋገመ ይመታባቸዋል፤ ይህ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ ሐሰት አይደለም፣ ግን የዘመኑ ቁራጭም አይደለም።

የእርስዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ይከብዳል። ዱፕዊ የሠራው በቀንዱ ዘመን ስለሆነና ቀንዱ እስከ ዛሬ ስለቀጠለ፣ ምልክቱ ብቻውን የ1895ቱን ከ1965ቱ አይለይልዎትም። ስለዚህ ጠርዙን እንደገና ያዙሩትና ከ«ብሮንዝ» አጠገብ አራት አኃዝ ያለው ዓመት መኖር አለመኖሩን ይፈልጉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በድጋሚ የተመቱት ብዙዎቹ የተመቱበትን ዓመት ጠርዛቸው ላይ ይዘዋል። ከሌለ ወደ ፊቱ መሄድ ነው።

ሸክላ_እና_ሰም

ፊቱን ለማንበብ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ጉድለቶቹም ሆኑ ምልክቶቹ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጡት።

ሠዓሊው ወይም ቀራጺው ከሜዳልያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሞዴል በሸክላ ወይም በሰም ይሠራል። ከዚያ በጂፕሰም ይገለበጣል፣ ቀጥሎ ወደ ጠንካራ ብረት ይተላለፋል። ማሳነሻ ማሽኑ በአንድ ጫፍ ትልቁን ሞዴል በመርፌ እየዳሰሰ በሌላው ጫፍ ያንኑ ቅርጽ አሳንሶ ብረት ላይ ይቆርጣል። ቪክቶር ዣንቪዬ የተሻሻለውን ማሽን በ1899 አስመዘገበ፤ ዱፕዊ የሞተው በዚያው ዓመት ስለሆነ ሥራዎቹ ያለፉት ከዚያ በፊት በነበሩት ማሽኖች ነው። ማሽኑ የሚያለሰልሰውን ፀጉርና የልብስ እጥፋት ቀራጺው በእጅ መጨረሻ ላይ ይነካካዋል።

ከዚያ መምታት ይመጣል። ነሐስ ሲመታ ይጠነክራል። ጎላ ያለ ቅርጽ በአንድ ምት ስለማይሞላ ይመታል፣ በእሳት ግሎ ይለሰልሳል፣ የጠቆረው ሽፋን በቀጠነ አሲድ ይታጠባል፣ ተመልሶ እዚያው መምቻ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይመታል። በየመሃሉ በትክክል ካልተቀመጠ ፊደሎቹ ጎን ስስ ድርብ መስመር ይቀራል። ይህን ያየ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ እንዳይጥለው፤ የመመታቱ ማስረጃ ነው። በመጨረሻ ጠርዙ ይስተካከላል፣ ምልክቱ ይመታል፣ ፊቱ እንዲደበዝዝ ይደረጋል፣ ፓቲናው ይሰጠዋል። ለፓቲናው የቆየው መንገድ የመዳብ አሲቴትና አሞኒየም ክሎራይድ በሆምጣጤ ፈልቶ ሜዳልያው በዚያ የሚቀቀልበት ነው። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ክፋይ ነው፤ ብራሶ በደቂቃ ያነሣዋል።

ለምን ይህን ያህል እንደምንከራከርለት ላስረዳ። እስከ 1860ዎቹ ድረስ የተለመደው ሜዳልያ ወለሉ (ከምስሉ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ) እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ዙሪያው በከፍተኛ ክፈፍ የታጠረ፣ ፊደሉ በማተሚያ የተደረደረ የሚመስል ነበር። ሜዳልያ ሠሪው ዩበር ፖንስካርም በ1867 የታሪክ ምሁሩን የዦዜፍ ኖዴን ምስል ሲሠራ ክፈፉን አስቀረ፣ ወለሉን አደበዘዘ፣ ፊደሉን ከምስሉ ጋር አዋሐደ። ከእሱ በኋላ የመጣው የሜዳልያ ሠሪዎች አዲስ ትውልድ ይህን መንገድ ያዘ፦ ሮቲ፣ ሻፕላን፣ ዱፕዊ፣ ሻርፓንቲዬ። የእነሱ ቅርጽ ከወለሉ የሚነሣው በትንሹ ነው። የጀርባው ዛፍና ሰማይ ቀስ እያለ ወለሉ ውስጥ ይጠፋል። ያንን የሚያሳየው ድብዝዝ ወለል ላይ የሚያርፍ ስስ ጥላ ነው። ሲወለወል ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ይንጸባረቅና ጥላው ይጠፋል፤ የሚቀረው ሮዝማ ቢጫ ብረት ነው።

የኪነት_መዝገብ

ስለ ሰውየው ባጭሩ። ዣን-ባቲስት ዳንዬል ዱፕዊ በ1849 ብሉዋ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1872 በሜዳልያ ቅርጽ የሮም ሽልማትን (ለወጣት የፈረንሳይ ጥበበኞች የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት) አገኘ፣ በ1899 በ50 ዓመቱ ሞተ። ሠዓሊም ቀራጺም ነበር። ለፈረንሳይ ባንክ የ50 ፍራንክ ኖት ምስሎችን የሠራው እሱ ነው፤ ጌጡ የዦርዥ ዱቫል ነው። ሜዳልያዎቹ ላይ ምስሉ ከጀርባው ጋር የሚዋሐድበት መንገድ የሠዓሊ እጅ መሆኑን ይናገራል። በእኔ ግምት ከሮቲ ያነሰ የሚወራለት በችሎታ አንሶ ሳይሆን ቀድሞ ስለሞተ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ከ1898 እስከ 1921 በፈረንሳይ የተመቱት የነሐስ ሳንቲሞች የእሱ ሥራ ናቸው፤ ፍሪጊያዊ ቆብ (ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ የነፃነት ምልክት) የደፋችው የሪፐብሊክ ሴት ያለችባቸው። ቅይጡ 95 በመቶ መዳብ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮ፣ 1 በመቶ ዚንክ ነው። ባለ 10 ሳንቲሙ 10 ግራምና 30 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 5ቱ 5 ግራምና 25 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 2ቱ 2 ግራምና 20 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 1ዱ 1 ግራምና 15 ሚሊ ሜትር ነው። ርካሽ ናቸው፣ በብዛትም ይገኛሉ። ብዙ ያልተበላ ባለ 10 ቢያገኙ ሚዛንዎንና ካሊፐርዎን (በመንጋጋ ይዞ ስፋት የሚለካውን መሣሪያ) የሚያረጋግጡበት፣ የእጁንም አሠራር የሚያወዳድሩበት አስተማማኝ ናሙና ይሆንልዎታል።

ጀማሪ_ዲሲ

ከዋናው ጥያቄ ትንሽ ልውጣ፤ የምኒልክ ብርም ፓሪስ ነው የተመታው ይባላል። ይህ የጠርዝ ዝርዝር ለእሱ ይሠራል?

ጠርዝ_አንባቢ

አዎ፣ በ1887 ዓ.ም. የወጣው የምኒልክ ብር የተመታው እዚያው የፓሪስ ማምረቻ ቤት ነው። ዝርዝሩ ግን ለሜዳልያ ብቻ ነው። በሳንቲም ላይ የማምረቻ ቤቱ ምልክት የሚፈለገው ፊቱ ላይ ነው እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለም። «ጠርዙ ላይ ቀንድ የለምና ሐሰት ነው» ተብሎ ደህና ብር እንዳይጣል።

ሚዛን_እና_ውሃ

ወደ ሐሰተኛው ጥያቄ። ሦስት ዓይነት ቅጂ ያጋጥማል፤ የእያንዳንዱ መለያ የተለየ ነው።

አንደኛው በእውነተኛው ላይ ሻጋታ ተወስዶ ነሐስ የፈሰሰበት ነው። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ 68 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 67 ይወርዳል። ስለዚህ በማስመሪያ ሳይሆን በካሊፐር፣ በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። ወለሉን በማጉያ ሲያዩት አየር የተወው ጥቃቅን ጉድጓድ ይኖረዋል፤ የፊደሎቹ እግር ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ክብ ብሎ ይቀራል። ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል፤ የማፍሰሻው ቦታ የተቆረጠው እዚያ ስለሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጉድጓድና እብጠት አንድ አይደሉም። ወደ ውስጥ የገባ ነጥብ ፈሶ የተሠራ መሆኑን ይጠቁማል። ከወለሉ ወደ ላይ ያበጠ ጥቃቅን ነጥብ ግን መምቻ ብረቱ ዝጎ ጉድጓድ ማውጣቱንና ነሐሱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱን ያሳያል፤ ይህ ማለት ሜዳልያው ተመትቷል፣ ግን ብረቱ ለዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ነው። የዘመኑን ከድጋሚው ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የተሠራ ቅጂ ነው። ሁለት ስስ የመዳብ ልባሶች ለየብቻ ያድጋሉ፣ መሃላቸው በእርሳስ ወይም በቆርቆሮ ቅይጥ ይሞላል። ፊቱ እጅግ ትክክለኛ ስለሚሆን በፊት አይያዝም። ጠርዙ መሃል ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ይፈልጉ። በእንጨት ቀስ ብለው ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል።

ሦስተኛው ዚንክ ሆኖ ነሐስ የተቀባ ነው። ቀለሙ በተነሣበት ቦታ ግራጫ ይታያል፤ ይቀላልም።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሚዛን መለየት ይቻላል። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ዲስቲልድ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሜዳልያውን በስስ ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ያስጠልቁት፤ የብርጭቆውን ግድግዳም ታቹንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የተገፋው ውሃ ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚያ ያካፍሉ። የእርስዎ 146 ግራም 16.5 ካሳየ 8.85 ይሆናል፤ ይህ የነሐስ ነው። ናስ ከ8.4 እስከ 8.7 አካባቢ፣ ዚንክ 7.1 አካባቢ ይሰጣል፤ እርሳስ የተሞላው ከ9 ያልፋል። የአየር ጠብታ ከተጣበቀበት ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ በላባ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ነካ አድርገው ያስለቅቁት።

ቤተ_ሙከራ

የውሃው ፍተሻ ትክክል ነው፤ ግን አረንጓዴው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይሠራ። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ።

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠንካራ፣ ጨለም ያለ፣ ከወለሉ ጋር እኩል የተኛና በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሲነካ የማይነሣ ከሆነ የረጋ ሽፋን ነው፤ ይተዉት። የሚያጣብቅ ወይም ሰም የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ፣ ከፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ወይም ከድሮ ዘይትና ቅባት የመጣ ነው። ፒቪሲው ሲያረጅ የሚለቀው አሲድ፣ ዘይቱም ሲበላሽ የሚፈጥረው የስብ አሲድ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ነው አረንጓዴ የሚያወጣው። ሦስተኛው አሳሳቢው ነው፦ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ ሥሩ ሲታይ የተቦረቦረ። የነሐስ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። ክሎራይድ ከመዳቡ ጋር ሆኖ ውስጥ ይቀመጣል፤ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ዱቄቱን ይፈጥራል፣ በሂደቱም የሚፈጠረው አሲድ አዲስ መዳብ ይበላል። ስለዚህ ላዩን ጠርገው ቢያነሡት ተመልሶ ይመጣል።

ለመለየት፦ ነጥቡን ፎቶ ያንሡ፣ ዱቄቱን በእንጨት ያንሡ፣ ሜዳልያውን ከሌሎች ለይተው ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ፈዛዛ ዱቄት ከወጣ በሽታው ሕያው ነው።

እናት_ሙዳይ

በቤታችን የመዳብ ዕቃ ሁሉ የሚጠበቀው ዘይት ተቀብቶ ነው። ትንሽ የወይራ ዘይት በጥጥ ብትቀቡት አረንጓዴውንም ያለሰልሳል፣ ያብረቀርቃልም።

ቤተ_ሙከራ

እህቴ፣ በየቀኑ ለሚታጠብ ዕቃ ጉዳቱ አይታይም፤ ለሜዳልያ ግን አልመክርም። የምግብ ዘይት ሁሉ ከጊዜ በኋላ የስብ አሲድ ይሆናል፤ ከላይ የጠቀስኩትን የሚያጣብቅ አረንጓዴ የሚሠራው እሱ ራሱ ነው። አቧራም ይይዛል።

የሚያጣብቀው ዓይነት ከሆነ መፍትሔው ንጹሕ አሴቶን ነው። ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሜዳልያውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጡ፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከከሰል ርቆ ይሁን። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ጥጎቹን ነካ ነካ አድርገው፣ በአዲስ አሴቶን አለቅልቀው ያድርቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ቅባትና ሽቶ አለበት። አሴቶን ማዕድን የሆነውን ፓቲና አይነካም፤ በላዩ የተቀባ ቫርኒሽ ወይም ሰም ካለ ግን ያነሣዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ በጥጥ ጫፍ ይሞክሩ።

የነሐስ በሽታ ከሆነ በቤት ውስጥ መደረግ ያለበት ዱቄቱን በእንጨት አንሥቶ ማድረቅ ብቻ ነው። ሶዲየም ሴስኩዊካርቦኔት በ5 በመቶ ሙሙት ውስጥ መዘፍዘፍ በቁፋሮ ለተገኙ ዕቃዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ ቀለሙን ስለሚቀይር ግን ለዚህ ዓይነት ሜዳልያ አይሆንም። ቤንዞትራያዞል በ3 በመቶ የአልኮል ሙሙት ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ጓንትና አየር ማውጫ በሌለበት ቤት አይነካ።

ሚዛን_እና_ውሃ

ስለ ውሃው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከመኪና ዕቃ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲጠይቁ አንዳንዴ የሚሰጠው አሲዱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብበው ዲስቲልድ ውሃ መሆኑን ያረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን ስላለበት በሽታውን ራሱን ማምጣት ይሆናል። ከፍተሻው በኋላ ውሃውን በወረቀት አስመጥጠው፣ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ አየር ፊደሎቹ ሥር እስኪደርቅ ያድርቁት።

ደረቅ_መሳቢያ

ስለ ማስቀመጫው ሳታነሡ ውይይቱን እንዳትዘጉት። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ የነሐስ በሽታ ይተኛል። በአዲስ አበባ ክረምት እርጥበቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ያላችሁም በአየር ማቀዝቀዣውና በውጩ አየር መካከል ዕቃው ሲመላለስ ጤዛ ይይዛል። ርካሹ መፍትሔ የጎማ ማሸጊያ ያለው የፖሊፕሮፒሊን የምግብ ዕቃ ከሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ነው። ከጫማ ካርቶን የምታገኙት ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ጠግቦ ስለሆነ አይሠራም። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ግዙ፤ ሲጠግብ በምድጃ በ110 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል ታደርቁትና ሲቀዘቅዝ ትመልሱታላችሁ።

ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ኪስ ይወገድ። ፖሊኤስተር (ማይላር) ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ይሁን። የኦክ እንጨት መሳቢያ አሲድ ይለቃል፤ ሱፍና ጎማ ድኝ ይለቃሉ።

ሰም የሚቀባው አረንጓዴው ሁሉ ካለቀና ሜዳልያው በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። ሬነሳንስ ዋክስ ወይም ሌላ ማይክሮክሪስታሊን ሰም ይሁን። ሜዳልያው በእጅ ሲነካ ሞቅ እስኪል ያሙቁት፣ በለስላሳ ብሩሽ እጅግ ስስ አድርገው ያልብሱት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። ከበዛ ፊደል ሥር ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሰብሳቢ_ፒያሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርዙ ላይ ዓመት የለም። በካሊፐር በሦስቱም አቅጣጫ 68 ነው። አረንጓዴው በእንጨት ሲነካ የሚያጣብቅ ነበር፤ በአሴቶን ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ ቡናማው አልተነካም። በውሃው 16.5 አሳየ። ወለሉ ላይ ግን ከሴትየዋ ትከሻ በስተግራ ሁለት ወይም ሦስት ያበጡ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። ይህ ድጋሚ ነው ማለት ነው?

ጠርዝ_አንባቢ

ነሐስ መሆኑና መመታቱ ተረጋግጧል፤ ፈሶ የተሠራ ወይም በኤሌክትሪክ የተቀዳ አይደለም። ዘመኑን በተመለከተ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻውን አይወስንም፤ መምቻ ብረት በአንድ ክረምትም ሊዝግ ይችላል። በብዙ ቦታ ተበትነው ቢሆን ኖሮ «ድጋሚ» ለማለት አላመነታም ነበር። የሚቀረው ከታወቀ ቁራጭ ጋር ማወዳደር ነው። የኦርሴ ሙዚየም የዚያን ዘመን ሜዳልያዎች ስብስብ አለው፤ የዱፕዊን ምስሎች ከስብስቡ ዝርዝር ላይ ፈልጉ።

ለማወዳደር ፎቶው ትክክል መነሣት አለበት። ብልጭታ (ፍላሽ) አይጠቀሙ። ክፍሉን አጨልመው አንድ መብራት ብቻ ከግራ በላይ በኩል፣ ከጠረጴዛው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ይሁን። በተቃራኒው ወገን ነጭ ወረቀት ቢያቆሙ ጥላው አይጠቁርም። የፀጉሩን ጫፍ፣ የዓይን ሽፋሽፍቱን፣ የፊርማውን ፊደሎች ለየብቻ አቅርበው ያንሡ። የተዳከመ መምቻ ብረት መጀመሪያ የሚያጣው እነዚህን ነው፣ በተለይ ፊርማውን። ጠርዙንም ከምልክቱ ጋር ያያይዙልን፤ የፊደሎቹ ቁመትና ቀንዱ የተቀመጠበት አቅጣጫ ይታይ።